ሬድሚዬን ሩት ላርገው ወይስ ይቅርብኝ? ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ በናታችሁ

ሩብ_ጊጋ (ደሴ)
ሰላም ለዚ ቤት። ያለሁት ቧንቧ ውሃ ነው። ስልኬ ሬድሚ ኖት 12 ፋይቭጂ ነው፣ ስልክ ከውጪ እያስመጣ ከሚሸጥ ልጅ ነው የገዛሁት፣ አሁን አምስት ወሩ ነው። ችግሬ ማስታወቂያ ነው ወገን። ፋይል ማናጀር ስከፍት ማስታወቂያ፣ አፕ ስጭን "ስካን እያረኩ ነው" ይልና ማስታወቂያ፣ እሱስ ይሁን፣ አሁን አሁን ምንም ሳልነካው ራሱ ይለቅብኛል፣ ባለፈው ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ኪሴ ውስጥ ሆኖ የጌም ሙዚቃ አንቧረቀብኝ፣ አያቴ እስካሁን በደንብ አላናገረችኝም። ፓኬጄንም እየበላ ያለው እሱ ነው። አንዱ ጓደኛዬ "ሩት አርገው (የስልኩን ሙሉ ስልጣን ያዘው ማለቱ ነው) ትገላገላለህ" አለኝ፣ ሌላኛው ደሞ "ሩት ካረከው የባንክ አፕህን ቻው በለው" አለኝ፣ እሱማ ድሮም አንድ ቀን ይከፍታል አንድ ቀን እምቢ ይላል፣ ኔትወርክ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ለሩት ቡትሎደር መከፈት አለበት ሲሉ ሰማሁ፣ ልጁ ሲሸጥልኝ ደሞ "ኦፕን ነው" ብሎኛል። ስለዚ ተከፍቷል ማለት ነው? ምን ላርግ?

ጠጋኙ (ደሴ)
አብሽር ወንድሜ። "ኦፕን" ያለህ ኔትወርኩን ነው። ካሜሪካ ምናምን የሚመጣ በአንድ ቴሌ ሲም ብቻ እንዲሰራ የተቆለፈ ስልክ አለ፣ እንደዛ ካልሆነ ኦፕን ነው እንላለን፣ ገበያ ላይ ያለው ሰው ሁሉ የሚለው እንደዛ ነው። ቡትሎደር ሌላ ነው። ስልኩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው ፕሮግራም ነው፣ አንድሮይዱን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው፣ ከተቆለፈ ፋብሪካው ያልፈረመበትን ሶፍትዌር አላስነሳም ይላል። ሁለቱን እያምታታ ስንት ሰው መጥቶ ከኔ ጋ ተጣልቷል መሰለህ።

አባ_ፍላሽ (ደሴ)
ምን ትጠይቃለህ ጀለስ ክፈተውና ማጂስክ (ሩት የሚያረገውን ፕሮግራም) ጫንበት አለቀ። በገዛ ብርህ የገዛኸው ስልክ እኮ ነው። ሰኞ ገበያ ሄደህ ጤፍ ሸምተህ ነጋዴው "እኔ ያልኩህ ወፍጮ ቤት ካልሆነ አታስፈጭም" ቢልህ ትሰማዋለህ? እነዚ ካምፓኒዎች እያሉን ያሉት እሱን ነው። ከፍለህ ትገዛለህ፣ ማስታወቂያቸውን ታያለህ፣ አፓቸውን ላጥፋ ስትል "ሲስተም አፕ ነው አይጠፋም"። ሩት ማለት በስልኩ ላይ የመጨረሻ ስልጣን ያለው አንተ ነህ ማለት ነው፣ ከዛ ውጪ ያለው ተረት ነው።

በረካ (ደሴ)
አባ ፍላሽ የጤፉ ነገር ደስ ይላል ግን ወፍጮ ቤቱ አሸዋ ቢቀላቅልብህስ? እኔ ሱቅ ነው ያለኝ፣ የዕለት ሽያጬ ግማሹ የሚገባው በስልክ ነው። አምና መናኸሪያ ውስጥ ስልኬን ተነጠቅኩ፣ ያልሞትኩት ቁልፍ ስለነበረ ነው። ሌባው ውስጡ ያለውን ሁሉ ቢያጠፋው እንኳ ሲያስነሳው የጎግል አካውንቴን ይጠይቀዋል። አንተ እንዳልከው ሁሉም ስልክ ክፍት ቢሆን ሌባ ነው የሚፈነጥዘው።

አባ_ፍላሽ
እህቴ ሌባ የሚቸገረው ፒን ስላለሽ ነው በቡትሎደር አደለም

ሐረጎ_ጭጋግ (ኮምቦልቻ)
ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ነው የያዛችሁት። እኔ እዚ ኪዮት ተማሪ ነኝ፣ ትንሽ ላስረዳ ረዘም ካለ ይቅርታ። ነገሩን እንደ ኬላ አስቡት። ቺፑ ውስጥ ፋብሪካ ላይ የተቃጠለ የማይቀየር ቁልፍ አለ፣ መጀመሪያ እሱ የቡትሎደሩን ፊርማ ያያል፣ ቡትሎደሩ ደሞ የከርነሉን (የአንድሮይዱን እምብርት) ያያል፣ ከርነሉ የሲስተሙን፣ እንዲህ እያለ እያንዳንዱ ኬላ ቀጣዩን ፈትሾ ያሳልፋል። ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ ሲስተሙ ከተነካካ ስልኩ ጭራሽ እንዳይነሳ ተደርጓል። ቡትሎደሩን አንሎክ ስታረግ (ስትከፍት) "ከዚ ኬላ በኋላ አትፈትሽ" ማለትህ ነው። ለዛ ነው አንሎክ ሲደረግ ዳታው ሙሉ በሙሉ የሚጠፋው፣ አለዚያ ሌባ ከፍቶ የራሱን ሲስተም ጭኖ ፎቶሽን ሁሉ ያወጣው ነበር። በረካ ያለችው ትክክል ነው፣ ቀድሞ የተከፈተ ስልክ ከተሰረቀ ዳታው በፒን የተመሰጠረ ስለሆነ ማንበቡ ይከብደዋል ግን የጎግል አካውንት ጥያቄውን በኮምፒውተር ጠራርጎ ይሸጠዋል። ሳትይው ሌላ ነገር አስቀምጦብሽ ሊመልሰውም ይችላል፣ ከስርቆት የሚብሰው እሱ ነው።

አባ ፍላሽም ያለው ውሸት አደለም። ጥያቄው ቁልፍ ይኑር አይኑር አደለም፣ ቁልፉ ማን እጅ ይሁን ነው። ጎግል ፒክስል ላይ ለምሳሌ ከፍተህ የራስህን ሲስተም ጭነህ በራስህ ቁልፍ መልሰህ መቆለፍ ትችላለህ፣ ግራፊን ኦኤስ የሚሰራው እንደዛ ነው፣ ኬላውም አለ ጠባቂውም ያንተ ነው። ሌሎቹ ግን እየዘጉ ነው ያሉት። ሁዋዌ በ2018 የመክፈቻ ኮድ መስጠት አቆመ። ሳምሰንግ በ2025 በዋን ዩአይ 8 የመክፈቻዋን ምርጫ ከሴቲንግ አወጣት። የሬድሚ ሰሪው ሻዎሚ ይሰጣል ግን ያስለምንሃል።

ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ)
ስለ ሩት ሲወራ ዝም ማለት አልችልም ቁስሌ ነው። ቴክኖ ነበረችኝ፣ ሜዲያቴክ ቺፕ ያላት። አንድ ቪዲዮ አይቼ አንሎክ አረኳት፣ ሲበራ "ኦሬንጅ ስቴት፣ ስልክህ አይታመንም፣ በ5 ሰከንድ ይነሳል" የሚል ጽሑፍ መጣ ኩራት ተሰማኝ ወሏሂ። ከዛ ለማጂስክ የሚሆን ቡት ፋይል አውርጄ ጫንኩበት፣ የስልኩ ስም አንድ ነው ግን ቢውልድ ቁጥሩ ሌላ ነበር፣ እሱን ማን ያያል፣ ሎጎ ላይ ቀረች። እሺ ብዬ ሙሉ ፈርምዌሩን (የስልኩን ሶፍትዌር በሙሉ) በሌሊት ፓኬጅ አወረድኩ፣ ሶስት ሌሊት ነው የፈጀብኝ። መጫኛውን ፕሮግራም ኤስፒ ፍላሽ ቱልን ከፍቼ ሶስት ምርጫ አለ፣ "ዳውንሎድ ኦንሊ" የሚል አለ፣ "ፎርማት ኦል ፕላስ ዳውንሎድ" የሚል አለ፣ እኔ ደሞ ንጹህ ይሁንልኝ ብዬ ፎርማት ኦሉን ነካሁት። ላፕቶፔ ባትሪው የሞተ ነው በቻርጀር ብቻ ነው የሚሰራው፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። በቃ። መብራት መጥቶ እንደገና ስጭነው ተነሳች፣ ደስታዬ ግን ሲም እስካስገባ ነበር፣ ኔትወርክ የለም፣ ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ስነካ "ኢንቫሊድ አይኤምኢአይ"። ፎርማት ኦሉ የስልኩን መታወቂያ የያዘችውን ክፍል አብሮ ጠርጓታል። አሁን የእህቴ ልጅ ካርቱን ያይባታል።

ዝም_ብዬ_አንባቢ
"እሱን ማን ያያል" ኪኪኪኪ

ጠጋኙ
ቦርከና ለሱ ነው እኮ ፎርማት ኦልን አትንኩ የምንለው። ለማንኛውም ይሄ ክርክር ሲነሳ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። እኔ ይሄን ስራ ስጀምር አንድሮይድ 2.3 (ጂንጀርብሬድ) ያላቸው ሳምሰንጎች የገቡበት ጊዜ ነበር፣ የዛሬ ልጆች አታውቁትም፣ አማርኛ አይነበብባቸውም ነበር። ፌስቡክ ላይ ሰው በግዕዝ ፊደል ሲጽፍ ስልክህ ላይ የምታየው ተርታውን የተደረደረ ባዶ ሳጥን ነው። ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ነጥብ። እና ፒያሳ የነበረችን ቤት ሰው ተሰልፎ የሚመጣው ለዛ ነበር፣ "ያማርኛ አስገባልኝ" ይልሃል። እንዴት ነበር የምናስገባው? ሱፐርዋንክሊክ በምትባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ሩት እናረገዋለን፣ ከዛ በሩት ኤክስፕሎረር ሲስተም ውስጥ ፎንትስ የሚለው ፎልደር ገብተን ድሮይድ ሳንስ ፎልባክ የምትባለዋን ፋይል የግዕዝ ፊደል ባላት እንቀይራታለን፣ ፐርሚሽኑን 644 ማረግ አትረሳም፣ ከረሳህ ጭራሽ አይነሳም፣ ከዛ ሪስታርት። 50 ብር ነበር።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ልጃቸው ከጅዳ የላከላቸውን ጋላክሲ ይዘው መጡ፣ አስገባሁላቸውና ልጃቸው የጻፈችላቸውን መልእክት ከፈትኩላቸው። ወር ሙሉ ሳጥን ሆኖ የተቀመጠ መልእክት ነው። መነጽራቸውን አውጥተው ቆመው አነበቡት፣ ከዛ እንደገና አነበቡት፣ ምንም አላሉም ምርቃቱ ግን እስከ በሩ ድረስ ነበር። ያኔ ስልኩ ዛሬ እንደሚቆለፈው ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ ካምፓኒው ትዝ እስኪለው መጠበቅ ነበረባቸው። ስለዚ እኔ የዚ ሙያ ሰው ሆኜ ሩት ሁሉ ወንጀል ነው ሲባል አልወድም።

አባ_ፍላሽ
ጋሼ አለቀ!! ክርክሩን እዚ ጋ ዝጉት!!

ሐረጎ_ጭጋግ
አልተዘጋም ኪኪ። ጋሼ ያሉት ታሪክ ሸጋ ነው ግን ያኔ ሩት የሚደረገው በቀዳዳ ነበር፣ ስልኩ የደህንነት ክፍተት ስለነበረው። በዛችው ቀዳዳ ቫይረስም ይገባ ነበር። የመጀመሪያው አንድሮይድ ስልክ ጂ1 በ2008 ሲወጣ እኮ ኪቦርዱ ላይ የምትጽፈው ነገር ሁሉ ከኋላ በስልኩ ከፍተኛ ስልጣን እንደ ትእዛዝ ይነበብ ነበር። ለጓደኛህ "ሪቡት" የምትለዋን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፈህ ኢንተር ስትል ስልኩ እውነትም ጠፍቶ ይነሳል። ሰዎች ሩት ማረግን ያገኙት በዛች ስህተት ነው። ዛሬ እንደዛ ያለ ቀዳዳ ይኑር የሚል ያለ አይመስለኝም፣ የምንፈልገው በር እንጂ ቀዳዳ አደለም። የአሜሪካ የኮፒራይት ህግ ራሱ በ2010 የራስህን ስልክ ከእገዳ ማላቀቅ ይቻላል ብሎ ፈቅዷል፣ ግን ይፈቀድልሃል ማለት ካምፓኒው በር ይሰራልሃል ማለት አደለም።

በረካ
እኔ አሁንም የባንክ አፑ ነገር ነው ሚያስጨንቀኝ። ለምንድነው ሩት የሆነ ስልክ ላይ የማይሰራው?

ሐረጎ_ጭጋግ
አፑ ጎግልን "ይሄ ስልክ ኬላዎቹን አልፎ ነው የተነሳው?" ብሎ ይጠይቃል። ድሮ ሴፍቲኔት ይባል ነበር አሁን ፕሌይ ኢንተግሪቲ ነው። ማጂስክን በ2016 የሰራው ጆን ዉ ሲጀምር ራሱን ከዛ መደበቅ ይችል ነበር፣ ከዛ አይጥና ድመት ሆነ፣ በ2021 ልጁ ራሱ ጎግል ተቀጠረና መደበቂያዋን ከማጂስክ አወጣት። ከ2025 ወዲህ ደሞ አንድሮይድ 13 እና ከዛ በላይ ላይ መልሱ የሚመጣው ከሶፍትዌር ሳይሆን ከቺፑ ነው፣ መሸወዱ በጣም ከብዷል። ልብ በይ፣ ሩት ባይሆንም ቡትሎደሩ ክፍት ከሆነ ብቻውን በቂ ነው አፑ እምቢ ለማለት።

አባ_ፍላሽ
ይሄው እሱ ነው የሚያናድደኝ። አፕዴት ካየ አራት አመት ያለፈው ውሃ የሆነ ስልክ ቁልፉ ስላልተነካ ብቻ "ይታመናል"፣ እኔ ሊኒጅ የሚባለውን ሌላ አንድሮይድ ጭኜ የዚ ወር ሴኪዩሪቲ ፓች ያለው ስልክ "አይታመንም"። ይሄ ደህንነት ነው?

ጠጋኙ
እዚች ጋ ልጁ ልክ ነው።

ሐረጎ_ጭጋግ
አዎ እዚች ጋ ልክ ነህ መልስ የለኝም።

ቦርከና_ማዶ
ሩብ ጊጋ ግን የት ጠፋ፣ ጥያቄ ለኩሶ ሄደ

ጠጋኙ
ሩብ ጊጋ ስማኝ፣ ለማስታወቂያ ብለህ ሩት አታርግ። የሻዎሚን ማስታወቂያ ያለ ሩት ታጠፋዋለህ። ሴቲንግ ግባ፣ ፓስወርድና ሴኪዩሪቲ፣ ከዛ "ኦተራይዜሽን ኤንድ ሪቮኬሽን"፣ እዛ ውስጥ "ኤምኤስኤ" የምትል አለች፣ እሷ ነች ማስታወቂያ አምጪዋ፣ አጥፋት። ዳታ ክፈት ሳትከፍት እሺ አትልህም። 10 ሰከንድ ታስቆጥርሃለች፣ ቆጥረህ ስትጨርስ "አልተቻለም" ትልሃለች፣ እንደገና፣ አሁንም እምቢ፣ አትናደድ አራት አምስቴ ደጋግም ትለቃለች። ሌላውን አላስፈላጊ አፕ ደሞ በኮምፒውተር በኤዲቢ (ስልኩን በኬብል በሚያዘው ፕሮግራም) ላንተ ብቻ እንዲጠፋ ይደረጋል፣ ሲስተሙ አይነካም፣ ካልተመቸህ ፋብሪካ ሪሴት ስታረግ ይመለሳል።

ሩብ_ጊጋ
ወገን አለሁ ሁለት ቀን መብራት አልነበረም። ጋሼ ያሉትን ሞከርኩ፣ ስድስተኛው ላይ ለቀቀች። ፋይል ማናጀሩ ጸዳ አልሃምዱሊላህ። ግን ያቺ ለቅሶ ቤት ያዋረደችኝ አይነቷ፣ ምንም ሳልነካ የምትመጣው፣ እሷ አሁንም አለች። ዛሬ ጠዋትም መጣች። ሻዎሚ እንደዛ ያረጋል?

ሐረጎ_ጭጋግ
አያረግም። ቆይ ቆይ። አፕዴት መጥቶልህ ያውቃል?

ሩብ_ጊጋ
አንድም ቀን። የአጎቴ ልጅ ተመሳሳይ ስልክ አለው አዲሱ የሻዎሚ ሲስተም ሃይፐር ኦኤስ ገብቶለታል፣ የኔ ግን በድሮው ኤምአይዩአይ 14 ላይ ነው፣ "የመጨረሻው ቨርዥን ነው" ይለኛል።

ሐረጎ_ጭጋግ
የባንክ አፑም አንዳንዴ እምቢ ይላል ብለሃል መጀመሪያ ላይ። ስልኩን አጥፍተህ አብራው፣ የሬድሚ ጽሑፍ ሲመጣ ዓይንህን አትንቀል፣ ትንሽ የቁልፍ ምልክት አለች ወይ እይ። በጣም ትንሽ ነች፣ ካስፈለገ በሌላ ስልክ ቪዲዮ ቅረጻት።

ሩብ_ጊጋ
አለች። ቁልፏ ክፍት ነች። አምስት ወር ሙሉ አላየኋትም

አባ_ፍላሽ
😂😂 ቤቱ ሲከራከር የዋለው ይከፈት አይከፈት ነው፣ ስልኩ ቀድሞ ተከፍቶ ተቀምጧል

ጠጋኙ
እንዲህ ነው የሚሆነው። ለቻይና ገበያ የተሰራው ስልክ ይረክሳል፣ ያንን ይገዙና ቡትሎደሩን ከፍተው እንግሊዝኛና ፕሌይ ስቶር ያለው ሮም (ሙሉ የስልክ ሲስተም) ይጭኑበታል። ሮሙ የሻዎሚ አደለም፣ ማን እንደሰራው አይታወቅም፣ መሀል ላይ ያለው ሰው የፈለገውን ይጨምርበታል፣ ማስታወቂያ ቢሆን ደግ ነው። ጎግል ራሱ በ2019 ትሪያዳ የሚባለው ቫይረስ ስልኮች ላይ ገና ከሳጥናቸው ሳይወጡ ተጭኖ እንደተገኘ አምኗል። የሸጠልህ ልጅም ላያውቅ ይችላል አትጣላው። ሳጥኑ ካለህ የሞዴል ቁጥሩን እይ፣ መጨረሻው ሲ ከሆነ የቻይና ነው፣ ጂ ከሆነ ግሎባል ነው።

ሩብ_ጊጋ
ሲ ነው። በረካ ይሄው አሸዋው ተገኘ

በረካ
ወይኔ ልጄን። የባንኩን ፓስወርድ በሌላ ስልክ ዛሬውኑ ቀይር፣ ነገ አትበል። የቴሌግራምህንም።

ቦርከና_ማዶ
ላፕቶፕ ላይ ኦሪጅናሉን ራሱ ልጫን እንዳትል፣ እኔን እይ

ጠጋኙ
ቦርከና የተናገረውን ስማ። በተለይ ሻዎሚ ላይ አንዲት ወጥመድ አለች። ኤምአይ ፍላሽ የምትባለዋ ፕሮግራም ከታች በቀኝ በኩል ሶስት ምርጫ አላት፣ ስትከፍታት ተመርጦ የምታገኘው "ክሊን ኦል ኤንድ ሎክ" ነው። ሳታይ ፍላሽ ካልክ ጭና ስትጨርስ ትቆልፈዋለች። የቻይና ስልክ ላይ ግሎባል ሮም ጭነህ ከቆለፍክ "ይሄ ቨርዥን እዚህ ስልክ ላይ አይሆንም" ብሎ ይሞታል፣ ለመክፈት ደሞ ፈቃድ ያለው አካውንት ይፈልጋል። በሳምንት አንድ ሁለት እንደዛ ሆኖ ይመጣልኛል። ያለህ ምርጫ ሁለት ነው። አንድ፣ ኦሪጅናል የቻይናውን ሮም ጭነን እንቆልፈው፣ ንጹህ ነው፣ ግን ሜኑው ቻይንኛና እንግሊዝኛ ነው፣ የቻይና አፖቹም ብዛታቸው። ሁለት፣ ኦሪጅናል ግሎባሉን ጭነን ክፍት እንተወው፣ ይጸዳል ግን የባንክ አፑ እንዳመሉ ነው፣ ከተሰረቀም ተሰረቀ።

ሐረጎ_ጭጋግ
አንደኛው ይሻላል እኔ እንጃ። ግን ልብ በል፣ ከቆለፍከው በኋላ ሃሳብህን ብትቀይር ቀላል አደለም። የቻይናው ሃይፐር ኦኤስ ላይ ለመክፈት ኮሚኒቲያቸው ላይ ደረጃ 5 ድረስ አሳድግ ይሉሃል። በግሎባሉ ራሱ በየቀኑ ኮታ አለው፣ የሚለቀቀው በቤጂንግ እኩለ ሌሊት ነው፣ እኛ ጋ ከምሽቱ 1 ሰዓት ማለት ነው። እኔ ዶርም ሆኜ ለዘጠኝ ቀን ልክ 1 ሰዓት ሲል እየተጫንኩ ነው ያገኘሁት፣ እራት አምልጦኛል። ከዛ 72 ሰዓት ጠብቅ አለኝ። ድሮ 168 ሰዓት ነበር እሱም ተሻሻለ ተብሎ።

አባ_ፍላሽ
ሁለተኛው!! ክፍት ከሆነ አይቀር ማጂስክም ጨምርበት

ሩብ_ጊጋ
አንተ ልጅ ዝም በል በናትህ። ሁለተኛውን መርጫለሁ ግን ሩት የለም። አማርኛ ሜኑ ለምጃለሁ፣ እናቴም አንዳንዴ ትጠቀምበታለች ቻይንኛ ይዤ አልጋፈጣትም። የባንኩን ሲሙን ወደ ድሮዋ ባለ ቁልፍ ስልኬ አዛውሬ በኮከብ እጠቀማለሁ። ጋሼ ቤትዎ የት ጋ ነው?

ጠጋኙ
ፒያሳ ነኝ፣ በውስጥ እጽፍልሃለሁ። ፎቶህን ቀድመህ አውጣ ሁሉም ይጠፋል። ግን አፕ በጅምላ ባክአፕ አርገህ እንዳትመልስ፣ ያንኑ በሽታ ነው መልሰህ የምታስገባው።

ዝም_ብዬ_አንባቢ
ሰላም። እኔ እስካሁን ለመሳቅ ነበር የገባሁት። የሸጠልህ ልጅ ቀይ ኮፍያ የሚያደርገው ነው? የኔንም አጥፍቼ አበራሁት።

ሩብ_ጊጋ
አዎ ቀይ ኮፍያ። ክፍት ነች?

ዝም_ብዬ_አንባቢ
ክፍት ነች።

ጠጋኙ
አብራችሁ ኑ። ጠዋት ይሁን፣ ከሰዓት መብራቱ አይታመንም።